ብርድ ያሳደጋቸው አበቦች

በፀደይ መባቻ ስለሚያብቡ ባለ ሽንኩርት አበቦች የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



በአውሮፓ ወይም በሰሜን አሜሪካ ብርዳም ከተማ የከረመ ሰው በፌብሩዋሪ መጨረሻ ይህን ሳያይ አይቀርም። ዛፎቹ ራቁታቸውን ናቸው፤ ካፖርት ከትከሻ አልወረደም፤ የመኪናን መስታወት በየጠዋቱ መፋቅ ግድ ነው። በዚህ መሀል ከመናፈሻው ዛፍ ሥር፣ በረዶው በሳሳበት ቦታ፣ ከስንዝር የማይበልጡ ነጫጭ አበቦች አንገታቸውን ደፍተው ይታያሉ። ሌሊት በረዶ ይጥልና ይቀብራቸዋል። በማግስቱ ወይም በሳምንቱ በረዶው ሲቀልጥ እንደነበሩ ይገኛሉ።

አበባዋ ስኖውድሮፕ ትባላለች። ስዊድናዊው የእጽዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1753 ጋላንቱስ ኒቫሊስ ብሎ መዝግቧታል። ዓመታቱንም ወራቱንም ዛሬ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ አበቦቹ የሚኖሩት በዚያ አየር ነውና። በዱር የምትበቅለው ከፒሬኔ ተራሮች አንሥቶ እስከ ዩክሬን ባለው ምድር ነው። ከእርሷ ጋር ወይም ጥቂት ቆይተው ክሮከስ፣ ሲላ፣ ዳፎዲል፣ ሃያሲንትና ቱሊፕ ይከተላሉ።

ከደጋ አገር የመጣን ሰዎች ውርጭ ምን እንደሚሠራ እናውቃለን። ማታ ለምለም የነበረ የባቄላ ማሳ ውርጭ ካደረበት ጠዋት ጠቁሮና ተልፈስፍሶ ይገኛል፤ ገበሬው የዓመት ልፋቱን በአንድ ሌሊት ያጣል። ታዲያ የባቄላን ቅጠል የሚያጠቁር ውርጭ ከባቄላ ግንድ የቀጠነችውን ይህቺን አበባ ለምን አይገድላትም?

«ጠንካራ ስለሆነች» ማለት መልስ አይሆንም፤ ጥያቄውን መድገም ነው። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው የእነዚህ አበቦች ጥንካሬ ከብርድ ጋር በመታገል የተገኘ እንዳልሆነ ነው። ከባዱን ሥራ ብርዱ ሳይመጣ ይጨርሱታል፤ ብርዱ ሲመጣ ይገዙለታል፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ ያለ ብርድ አያብቡም። የሚጎዳቸው ነገር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው።

ስንቁ የት ነው?

ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርት ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰንጥቁ። ከግርጌው፣ ሥሮቹ በሚወጡበት በኩል፣ ጠንካራና ጠፍጣፋ ነገር ታያላችሁ፤ የተክሉ ግንድ ያ ነው። ከእርሱ ላይ ተደራርበው የተነሡት ወፋፍራም ሽፋኖች ደግሞ ቅጠሎች ናቸው። ሥራቸው ብርሃን መቀበል ሳይሆን ስንቅ መያዝ ነው። መሀል ላይ ያለው አረንጓዴ ጫፍ የሚቀጥለው ወቅት ተክል ነው። ሽንኩርት ጓዳ ውስጥ ተረስቶ፣ አፈርም ውሃም ሳያገኝ ሲያቆጠቁጥ ያላየ የለም። ያ ቡቃያ የሚያድገው ሽፋኖቹ ውስጥ ባለው ስንቅ ነው፤ ለዚህም ነው ቡቃያው በረዘመ ቁጥር ሽንኩርቱ የሚሟሽሸው።

ስኖውድሮፕና ዳፎዲል የሽንኩርትና የነጭ ሽንኩርት ዘመዶች ናቸው፤ የእጽዋት ሊቃውንት ዛሬ በአንድ ቤተሰብ ይመድቧቸዋል። ቱሊፕ ከሌላ ቤተሰብ ብትሆንም አሠራሯ ይኸው ነው። ክሮከስ ደግሞ ከመሬት በታች ያላት ነገር ተደራራቢ ሽፋን የለውም፤ ድፍን ያበጠ ግንድ ነው። ጥቅሙ አንድ ስለሆነ ግን ለዛሬ ሁሉንም «የአበባ ሽንኩርት» ብዬ ልጥራው።

አሁን የቱሊፕን ሽንኩርት እንሰንጥቅ፤ ጊዜው የኦገስት መጨረሻ ይሁን፣ ከመተከሉ በፊት። ሽፋኖቹን እየገለጥን ወደ መሀሉ ስንደርስ፣ በማጉያ መነጽር የምትታይ አንዲት ነገር እናገኛለን። ስድስት የአበባ ቅጠሎች አሏት። በውስጣቸው ስድስት የወንዴ ክፍሎች፣ በእነርሱ መሀል ባለ ሦስት ማዕዘን የሴቴ ክፍል አለ። በኤፕሪል የምናያት ቱሊፕ ይህችው ናት፤ የጎደላት ቀለምና ቁመት ብቻ ነው። የሆላንድ አበባ አምራቾች ይህን ደረጃ «ጂ» ብለው ይጠሩታል። ከክምሩ መሀል ናሙና አውጥተው እየሰነጠቁ ያያሉ፤ አበባዋ ተሠርታ ማለቋን ሳያረጋግጡም ሽንኩርቱን ወደ ማቀዝቀዣ አያስገቡትም።

የመጀመሪያው ምሥጢር ይህ ነው። ተክል በብርድ ጊዜ አዲስ አካል መሥራት ይከብደዋል፤ አዳዲስ ሕዋሳት የሚባዙት በዝግታ ነው። አስቀድሞ የተሠሩ ሕዋሳትን በውሃ ሞልቶ ማስረዘም ግን በብርድም ይቻላል። የፀደይ አበቦች ሁሉም ነገራቸው የተሠራው ባለፈው የሙቀት ወራት ስለሆነ ለፌብሩዋሪ የሚቀራቸው መዘርጋት ብቻ ነው። ፍጥነታቸውም የሚያስገርመን ዝግጅቱን ስላላየን ነው።

ብዙ ሰው እነዚህ ተክሎች በብርድ ወራት ተኝተው በፀደይ የሚነቁ ይመስለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከመሬት በላይ የሚጠፉት በጁንና በጁላይ፣ ሌላው ተክል ሁሉ በሚፈነጥዝበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ቅጠል የላቸውም፤ የብዙዎቹ ሥርም ደርቋል። መጸው ገብቶ አፈሩ ሲቀዘቅዝና ሲረጥብ አዲስ ሥር ይሰዳሉ። በዲሴምበርና በጃንዋሪ፣ መሬቱ የሞተ በሚመስልበት ጊዜ፣ ቡቃያው ከአፈር በታች ቀስ እያለ ወደ ላይ እየገፋ ነው። የዚህ ልማድ ምክንያት የትውልድ አገራቸው ነው። የቱሊፕ የዱር ዘመዶች በብዛት የሚገኙት በመካከለኛው እስያ፣ በቲየን ሻንና በፓሚር ተራሮች አካባቢ ነው። እዚያ የሙቀቱ ወራት ድርቅ፣ የብርዱ ወራት በረዶ ናቸው። ስንቅን ከመሬት በታች የመቅበር ብልሃት የተፈለገው ለበረዶው ብቻ አልነበረም፤ ከድርቁም ወራት ለማምለጥ ነው።

ስንቁ በአብዛኛው ስታርች ነው። ይህን የሆላንድ ሕዝብ በመራራ መንገድ አረጋግጧል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው የብርድ ወራት፣ በጀርመን ወረራ ሥር የነበረው የምዕራብ ሆላንድ ሕዝብ ምግብ ተቆርጦበት በሺህ የሚቆጠር ሰው በረሃብ አለቀ። በዚያ ጊዜ ቤተሰቦች የቱሊፕ ሽንኩርት ቀቅለው በሉ። መሀሉን አውጥተው እንዲጥሉትም ይመከሩ ነበር።

ስንቅ ያለበት ቦታ ሌባ አይጠፋም። አይጥና ሽኮኮ መሰል እንስሳት የቱሊፕንና የክሮከስን ሽንኩርት ቆፍረው ይበላሉ። ዳፎዲልንና ስኖውድሮፕን ግን አይደፍሯቸውም፤ ሁለቱም መርዝ አላቸውና። ይህ ለእኛም ማስጠንቀቂያ ነው። የዳፎዲል ሽንኩርት የወጥ ሽንኩርት ይመስላል፤ አበባው ሳይፈነዳ በእስር የሚሸጠው ቡቃያም ለምግብ የሚሆን ቅጠል ይመስላል። በ2015 የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት ሱፐርማርኬቶች ዳፎዲልን ከአትክልት አጠገብ እንዳያስቀምጡ ያሳሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ቋንቋውን ገና ያልለመደ፣ የአገሩን አትክልት የሚፈልግ እንግዳ ከማንም በላይ ለዚህ ስሕተት የተጋለጠ ነው።

የስኖውድሮፕ መርዝ ግን መድኃኒትም ወጥቶታል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሶቪየት ኬሚስቶች ከካውካሰስ ስኖውድሮፕ ጋላንታሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ለዩ። በዚያው አሥርት ዓመት ቡልጋሪያዊው ዲሚታር ፓስኮቭ ኒቫሊን የተባለውን መድኃኒት አዘጋጀበት። በ2001 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ጋላንታሚንን ለአልዛይመር ሕሙማን ፈቀደ። በሽታውን አያድንም፤ የመርሳቱን ምልክት ግን ለጊዜው ያቀልላል።

ውርጭ ሲመጣ

ወደ ባቄላው ማሳ እንመለስ። ውርጭ ተክልን የሚገድለው በመቀዝቀዙ ብቻ አይደለም። ገዳዩ ነገር በሕዋሱ ውስጥ ያለው ውሃ መርጋቱ ነው። በረዶው ስስ የሆነውን የሕዋስ ሽፋን ይበጣጥሰዋል፤ ፀሐይ ወጥታ በረዶው ሲቀልጥ የሕዋሱ ፈሳሽ ወደ ውጭ ይፈስሳል። ማለዳ ጠቁሮና ተልፈስፍሶ የምናየው ቅጠል በዚህ ሁኔታ የፈረሰ ነው።

ስኖውድሮፕ በረዶውን አታስቀረውም። የት ቦታ እንደሚሠራ ግን ትወስናለች። አየሩ ለሳምንታት እየቀዘቀዘ ሲሄድ ከስንቁ ስታርች የተወሰነው ወደ ስኳር ይለወጣል። ስኳር የበዛበት ፈሳሽ በቀላሉ አይረጋም። የሕዋሱ ሽፋን የተሠራበት ቅባትም ዓይነቱ ይለወጣል፤ በብርድ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ። ውርጩ ሲበረታ በረዶው መጀመሪያ የሚረጋው በሕዋሳቱ መሀል ባለው ክፍተት ነው። ያ በረዶ ከሕዋሱ ውስጥ ውሃ እየሳበ ያወጣል። ሕዋሱ ይኮማተራል፤ በውስጡ የቀረው ፈሳሽ ስኳሩ ስለሚወፍር ጭራሽ መርጋቱ እየከበደው ይሄዳል። ውሃው ከውጭ ይረጋል፤ ሕይወቱ ከውስጥ ይተርፋል።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ብርዱ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ በወረደበት ማለዳ ወደ መናፈሻው ብትሄዱ ስኖውድሮፕን ቆማ አታገኟትም። አገዳዋ ታጥፎ፣ አበባዋ ፊቱን መሬት ላይ ደፍቶ፣ ቅጠሎቿ ጠቆር ብለውና ውሃ የገባቸው መስለው ተኝተዋል። ለማያውቅ ሰው ነገሩ አልቋል። በእርግጥ የሆነው አገዳውን ወጥሮ ያቆመው የነበረው ውሃ ከሕዋሳቱ ወጥቶ ከውጭ መርጋቱ ነው። በዚያ ሰዓት አትንኳት፤ አትርገጧትም፤ የረጋ አገዳ ይሰበራል። ከረፋዱ አራትና አምስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ስትጠነክር በረዶው ይቀልጣል፤ ውሃው ወደ ሕዋሳቱ ይመለሳል፤ አገዳው ቀስ በቀስ ይቃናል። ቀትር ላይ ቆማለች። በአንድ ወቅት ውስጥ ይህ ደጋግሞ ሊሆን ይችላል።

የአካሏም አሠራር ለዚህ ኑሮ የተስማማ ነው። ከመሬት ስትወጣ ሁለቱ ቅጠሎቿ አበባዋን መሀላቸው አጣብቀው ነው። የቅጠሎቹ ጫፍ ጠንከር ያለ በመሆኑ የረጋ አፈርንና የበረዶ ቅርፊትን ሰንጥቆ ያልፋል። አበባዋ ከፈነዳች በኋላ አንገቷን የምትደፋውም በከንቱ አይደለም፤ ዝናብና በረዶ ወደ ውስጥ ገብቶ የአበባውን ዱቄት እንዳያረጥበው ነው።

ክሮከስ ሌላ መንገድ አላት። አበባዋ ወደ ላይ የተከፈተ ጽዋ ስለሆነ ዝናብ ሊሞላባት ይችላል፤ ስለዚህ ትዘጋለች። የአበባዋ ቅጠል የውስጥ ፊቱ በሙቀት ቶሎ ያድጋል፤ የውጭ ፊቱ ግን በቅዝቃዜ የተሻለ ያድጋል። ፀሐይ ስትመታት ውስጡ ስለሚረዝም ቅጠሉ ወደ ውጭ ይታጠፋል፤ አበባዋም ትከፈታለች። ደመና ሲመጣ ውጩ ይረዝምና ትዘጋለች። ቱሊፕም ታደርገዋለች። አንድ የተዘጋ የክሮከስ አበባ ቆርጣችሁ ሞቅ ወዳለ ክፍል ብታስገቡ በደቂቃዎች ውስጥ ስትከፈት ታያላችሁ። እያንዳንዱ መክፈትና መዝጋት እድገት ስለሆነ አበባዋ በሰነበተች ቁጥር ቅጠሎቿ ይረዝማሉ።

ከሁሉ በላይ የሚጠብቃቸው ግን ጥልቀት ነው። አየሩ ሃያ ዲግሪ ከዜሮ በታች በሆነበት ቀን እንኳ ወፍራም በረዶ የለበሰ አፈር ዜሮ አካባቢ ሊቆይ ይችላል። ባመዳይ በረዶ ውስጥ የታሰረው አየር የመሬቱን ሙቀት አያስወጣምና። እኛ «በረዶ ወደቀባቸው» ብለን ስናዝን በረዶው ከክፉው ብርድ እየጋረዳቸው ነው። ደረቅ ብርድ ያለ በረዶ ሲመጣ ነው የሚያሰጋቸው።

ጥልቀቱንም ራሳቸው ይጠብቁታል። የክሮከስ ሽንኩርት በየዓመቱ ያልቅና አዲሱ በአሮጌው አናት ላይ ይሠራል። እንዲህ ከቀጠለ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከመሬት በላይ ብቅ ማለቱ ነበር። ይህ እንዳይሆን አንዳንድ ሥሮቿ ወፍራምና ለየት ያሉ ናቸው። አፈሩን ከያዙ በኋላ እየተሸበሸቡ ያጥራሉ፤ ሲያጥሩም አዲሱን ሽንኩርት ወደ ታች ይጎትቱታል። ዳፎዲልና ሃያሲንትም እንዲህ ያሉ ሥሮች አሏቸው።

ለምን ይቸኩላሉ?

ይህን ሁሉ ጣጣ ከመሸከም እስከ ሜይ ድረስ ቢጠብቁ ምን ነበረበት? መልሱ ብርሃን ነው። ስኖውድሮፕ በተፈጥሮዋ የጫካ አበባ ናት። የአውሮፓ ጫካ ዛፎች በመጸው ቅጠላቸውን ያረግፋሉ፤ በሜይ መልሰው ይለብሳሉ። ዛፎቹ ቅጠል ሲለብሱ ከሥራቸው ያለው መሬት ይጨልማል። ከዓመቱ ውስጥ ለጫካው ወለል በቂ ፀሐይ የሚደርሰው ብርዱ ላላ ካለበት ጊዜ አንሥቶ የዛፎቹ ቅጠል እስኪዘረጋ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። «ጀንበር ሳለ ሩጥ» የሚለው የአባቶች ምክር የተነገረው ለሰው ቢሆንም የፀደይ አበባ ኑሮ ያ ነው። በዚያ አጭር ጊዜ ማበብ፣ ዘር መያዝና የሚቀጥለውን ዓመት ስንቅ ማጠራቀም አለባት።

መቅደም ዋጋ ያስከፍላል። በፌብሩዋሪ የሚበር ነፍሳት ጥቂት ነው። የማር ንብ ከቀፎዋ ወጥታ የምትሠራው አየሩ አሥር ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ስኖውድሮፕም ሦስቱን ረጃጅም የውጭ ቅጠሎቿን በደንብ የምትዘረጋው በዚያው ሙቀት ገደማ ነው፤ እንግዳ በማይመጣበት ሰዓት በሯን ከፍታ ብርድ አታስገባም። ብርዱን ተደብቀው ያሳለፉ ወፋፍራምና ጸጉራም የዱር ንብ ንግሥቶችም በእነዚህ ቀናት ይወጣሉ። ጎጆ የሚመሠርቱት ብቻቸውን ስለሆነ ርቧቸዋል፤ ያለ ተቀናቃኝ ያበበች አበባ ደግሞ ጎብኚዋን ለብቻዋ ታገኛለች። ጥቅሙ የሁለቱም ነው።

ንብ የቀረ እንደሆነስ? ሽንኩርቱ ከጎኑ ትንንሽ ልጅ ሽንኩርቶች ያበቅላል፤ እነርሱም በጊዜው ያብባሉ። በየመናፈሻው የምናየው ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ምንጣፍ አብዛኛው የተስፋፋው እንዲህ ነው። ዘር የያዘች እንደሆነም ዘሯ ቅባት ያለው ጭራ መሰል ነገር ስላለው ጉንዳኖች ለምግብ ብለው ይሸከሙታል። ጭራውን በልተው ዘሩን ይጥሉታል፤ እርሱም ከእናቱ ርቆ ይበቅላል።

ብርድ ያጣች ቱሊፕ

እስካሁን የተናገርኩት ብርድን ስለ መቻል ነው። ቱሊፕ ግን ከዚህም አልፋ ትሄዳለች፤ ብርድ ካላገኘች በትክክል አታብብም።

ቱሊፕ ወደ ምዕራብ አውሮፓ የመጣችው ከኦቶማን ቱርኮች ነው። ካሮሉስ ክሉሲየስ የተባለው የእጽዋት ሊቅ በ1593 ወደ ላይደን ሄዶ በዩኒቨርሲቲው የእጽዋት ቦታ ተከላት። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የአንዳንድ ሽንኩርት ዋጋ የቤት ዋጋ እስኪያህል ናረ፤ በፌብሩዋሪ 1637 ገበያው ወደቀ። ለእኛ ርእስ ግን የሚጠቅመው ብዙም ያልተወራለት ታሪክ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት የዋገኒንገኑ ፕሮፌሰር አንቶን ሄንድሪክ ብላው ሽንኩርቶችን በልዩ ልዩ ሙቀት እያስቀመጠ፣ በየጊዜው እየሰነጠቀ በውስጣቸው ምን እንደሚካሄድ መረመረ። የሆላንድ የአበባ ኢንዱስትሪ ዛሬ በፈለገው ወር ቱሊፕ የሚያቀርበው በዚህ ዓይነት እውቀት ነው።

ሕጉ ባጭሩ እንዲህ ነው። አበባዋን በሽንኩርቱ ውስጥ ለመሥራት መጠነኛ ሙቀት ያስፈልጋል። የተሠራችው አበባ አገዳዋ እንዲረዝም ግን ከ9 ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል መቆየት አለባት። ይህን ያላገኘች ቱሊፕ ብትተከል አትሞትም። ቅጠል ታወጣለች፤ አበባዋ ግን ቁመት አጥታ በቅጠሎቹ መሀል ትቀራለች፤ ወይም ሳትፈነዳ ትደርቃለች። ብርዱ ለቱሊፕ የጊዜ ምስክር ነው። በመጸው አንድ ሞቃት ሳምንት ቢመጣ «ፀደይ ነው» ብላ እንዳትታለል፣ የብርዱ ወራት በእርግጥ ማለፉን የምታውቅበት ሌላ መንገድ የላትም።

ከአውሮፓ ጉዞ የቱሊፕ ሽንኩርት ይዘው አዲስ አበባ የገቡ ሰዎች የሚገጥማቸውም ይኸው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሽንኩርቱ ብርዱን ቀድሞ ያገኘ ከሆነ ያምራል። በሁለተኛው ዓመት ቅጠል ብቻ ይሆናል። ጥፋቱ የአትክልተኛው አይደለም። የአዲስ አበባ ብርድ የሌሊት ብርድ ነው፤ ሲነጋ ፀሐይዋ ትመልሰዋለች። ቱሊፕ የምትፈልገው ግን ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ለወራት የሚዘልቅ ብርድ ነው።

በነገራችን ላይ የእኛም ተራሮች ለራሳቸው ብርድ የሚስማማ ተክል አላቸው። በስሜንና በባሌ ከፍታዎች የሚቆመው ጅብራ ውርጭ የሚገጥመው በዓመት አንድ ወቅት ሳይሆን ሌሊት ሌሊት ነው። ስለዚህ ከመሬት በታች ተደብቆ የሚጠብቀው ወቅት የለውም። ሌሊት ቅዝቃዜው የሚጠናው ከመሬት አጠገብ በመሆኑ ጅብራ አናቱን በረጅም ግንድ ከፍ አድርጎ ያመልጣል። ቅጠሎቹም ለጋውን ቡቃያ መሀል ላይ ይሸፍኑታል። እንዲህ ለብዙ ዓመት ኖሮ አንዴ ያብብና ይሞታል። ጅብራም የፀደይ አበቦቹም ብርድን ችለዋል፤ የብርዱ ዓይነት ስለሚለያይ ግን የአንዱ ብልሃት ለሌላው አይሠራም።

በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች፣ ለምሳሌ በቴክሳስና በፍሎሪዳ፣ የምትኖሩ ወገኖች ቱሊፕ ከፈለጋችሁ ብርዱን ከፍሪጅ መስጠት ትችላላችሁ። ሽንኩርቱን በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ለሦስት ወር ያህል አቆዩትና ትከሉት። ከፖምና ከሌላ ፍራፍሬ ጋር ግን አታስቀምጡት። የበሰለ ፍራፍሬ ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም በሽንኩርቱ ውስጥ ያለችውን አበባ ያጨነግፋታል።

እንግዲህ የሚጎዳቸው ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ውሃ የሚተኛበት አፈር ነው። የሽንኩርቱ የዕረፍት ጊዜ ደረቅ መሆን አለበት፤ ጨቅይቶ የሚከርም ሽንኩርት ይበሰብሳል። ቱሊፕ ከስኖውድሮፕ ይልቅ በዚህ ትጎዳለች።

ሁለተኛ፣ ድስት ነው፤ የአበባ ድስት ማለቴ ነው። በረንዳ ላይ በትንሽ ድስት የተተከለ ሽንኩርት መሬት የሚሰጠውን ጥልቀት አያገኝም። ብርዱ ከጎንም ከታችም ስለሚገባ አፈሩ ሙሉ በሙሉ ሊረጋ ይችላል። አፓርታማ ውስጥ የምትኖሩ ሰዎች ብርዱ እጅግ ሲጠና ድስቱን ከግድግዳ አስጠግታችሁ በጆንያ መጠቅለል አለባችሁ። ሞቃት ሳሎን ውስጥ ማስገባት ግን ሌላ ጥፋት ነው፤ የሚፈልጉትን ብርድ መንጠቅ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ከዱር መንቀል ነው። በቱርክና በካውካሰስ ለንግድ ተብሎ ብዙ ስኖውድሮፕ ከዱር ሲቆፈር ኖሯል። ዛሬ የስኖውድሮፕ ዓለም አቀፍ ንግድ ሳይተስ በተባለው የዱር እንስሳትና እጽዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ሽንኩርት ስትገዙ በእርሻ የተመረተ መሆኑን መጠየቅ ይገባል።

አራተኛ፣ የአየር ንብረት መለወጥ ነው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ኡልፍ ቡንትገንና ባልደረቦቹ በ2022 ያወጡት ጥናት በብሪታንያ ከ1753 ጀምሮ የተመዘገቡ ከ400,000 በላይ የአበባ ምልከታዎችን መርምሯል። ምልከታዎቹ የ406 የእጽዋት ዝርያዎች ናቸው። ከ1987 እስከ 2019 ባለው ጊዜ የመጀመሪያ አበባ የታየበት አማካይ ቀን እስከ 1986 ከነበረው በ26 ቀን ቀድሞ ተገኝቷል። ስኖውድሮፕ ለሚመለስ ውርጭ የተዘጋጀች ስለሆነች በመቅደሟ ብቻ አትጠፋም። አደጋው ቀጠሮው ሲፋለስ ነው፤ አበባዋ ደርሳ ንቧ ያልደረሰች እንደሆነ። ለቱሊፕ ደግሞ ሥጋቱ የብርዱ ወራት ማጠሩ ነው።

አምስተኛውና የእኛ እጅ ያለበት፣ ቅጠል መቁረጥ ነው። አበባው ከረገፈ በኋላ የሚቀሩት ቅጠሎች አያምሩም። ይረዝማሉ፤ ይጋደማሉ፤ ቢጫ ይሆናሉ። ንጽሕና የሚወድ ሰው በሣር ማጨጃ ይጠርጋቸዋል ወይም አስሮ ይጎነጉናቸዋል። ያን ጊዜ ግን ቅጠሎቹ የዓመቱን ሥራ እየሠሩ ናቸው። ያላቸው ጥቂት የፀሐይ ሳምንት ነው፤ በእርሱ የሚያጠራቅሙት ስንቅ በኦገስት በሽንኩርቱ ውስጥ አበባ ይሆናል። በቅጠሉ ላይ ቸኩሎ ያረፈ ማጭድ የሚቀጥለውን ዓመት አበባ ነው የሚያጭደው። ከረገፈ በኋላ ቢያንስ ስድስት ሳምንት፣ ወይም ቅጠሉ ራሱ ቢጫ ሆኖ እስኪወድቅ ድረስ መታገስ ያስፈልጋል። የደረቀችውን የአበባ ራስ መቁረጥ ግን ይቻላል፤ እንዲያውም በቱሊፕና በዳፎዲል ይመከራል፤ ስንቁ ወደ ዘር እንዳይሄድ።

ስለዚህ በሚመጣው ፌብሩዋሪ በረዶ ወድቆባት የተኛች ስኖውድሮፕ ብታዩ እርዳታ አትፈልግም። በረዶውን አትጥረጉላት፤ በላስቲክ አትሸፍኗት፤ ፀሐይ ስትወጣ ትነሣለች። እርዳታችሁን ለሜይ አቆዩት። ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ቢጫ ቅጠሎች መሬት ላይ ተጋድመው ስታገኙ የሣር ማጨጃውን በዙሪያቸው አዙሩ። የሚቀጥለው ዓመት ብርድ የሚቻለው ወይም የማይቻለው በእነዚያ ሳምንታት ነው።